ባለቤት የሌለው ፊደል፣ ባለቤት ያለው ስም

ኢዚጄት የተባለው የእንግሊዝ ርካሽ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 በተጠናቀቀው የበጀት ዓመቱ 9.3 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ጠቅላላ ገቢ አስመዝግቧል። ከዚህ አየር መንገድ ገቢ 0.25 በመቶው በየዓመቱ እየተቆረጠ የመሥራቹ የሰር ስቴሊዮስ ሃጂ-ዮአኑ የግል ኩባንያ ለሆነው ለኢዚግሩፕ ይከፈላል። በዚህ ስሌት የ2024 ክፍያ ወደ 23 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል ማለት ነው። ገንዘቡ የነዳጅ ዋጋ አይደለም፤ የአውሮፕላን ኪራይም ሆነ የባንክ ወለድ አይደለም። የስም ኪራይ ነው።

ኪራይ የሚከፈልበት ስም ደግሞ ባዶ ቃል ብቻ አይደለም። “ኢዚ” የሚለው ቃል አለ፤ ከሩቅ ዓይን የሚይዝ ብርቱካናማ ቀለም አለ፤ ቃሉ የሚጻፍበት ወፍራምና ድቡልቡል ነጭ ፊደልም አለ። ለዚህ ገጽ አንባቢ እንቆቅልሽ የሚሆነው ፊደሉ ነው። ኩፐር ብላክ የሚባለውን ይህን ፊደል ኢዚግሩፕ አልነደፈውም፤ የቅርጹም ባለቤት አይደለም። ፊደሉ ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ፕሮግራም ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ ማንኛውም ጸሐፊ የአለቃውን ደብዳቤ ሊጽፍበት ይችላል።

ታዲያ ማንም ሊያገኘው በሚችል ፊደል የተጻፈ ስም እንዴት በሚሊዮን ይከራያል? መልሱን ለማግኘት መቶ ዓመት ያህል ወደኋላ ተመልሶ የፊደልን ገበያ መመልከት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ “ዓ.ም.” ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሚዛን የሚሸጥ ፊደል

ኦስዋልድ ኩፐር በ1879 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ተወልዶ በካንሳስ ያደገና ሥዕል ለመማር ወደ ቺካጎ ያመራ ሰው ነበር። በዚያ ካስተማሩት ሰዎች አንዱ በኋላ በፊደል ነዳፊነቱ ስሙ የገነነው ፍሬድሪክ ጋውዲ ነው። ኩፐር በ1904 ከፍሬድ በርትሽ ጋር “በርትሽ ኤንድ ኩፐር” የተባለ ድርጅት ከፈተ። እንጀራቸው ማስታወቂያ ነበር። ለፓካርድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያዎች ኩፐር በእጁ የጻፋቸው ፊደላት ከመወደዳቸው የተነሣ አሜሪካን ታይፕ ፋውንደርስ የተባለው ግዙፍ የፊደል አቅላጭ ኩባንያ በ1913 በብረት አስቀልጦ “ፓካርድ” በሚል ስም ለገበያ አቀረባቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። በዚያን ዘመን ፊደል እንደ ዛሬው በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ የማይጨበጥ ነገር አልነበረም። ከእርሳስ፣ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ቅይጥ የሚፈስ፣ በእጅ የሚያዝ ብረት ነበር። አታሚው በክብደት ይገዛዋል፤ ፊደል ለቃሚው አንድ በአንድ ከሳጥኑ እየለቀመ ይደረድረዋል፤ ሲያረጅ ይቀልጣል። በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ለብዙ ዘመን ሥራው ከእርሳስ ፊደል ጋር የተቆራኘ ነበር። ፊደል በሚዛን በሚሸጥበት ገበያ ወፍራምና ሰፊ ፊደል ሰፊ ብረት ይፈልጋል፤ ሰፊ ብረት ደግሞ ተጨማሪ ክብደት ነው። ስለሆነም አቅላጩ ወፍራም ፊደልን የሚወድበት ምክንያት ከውበት በፊት በሒሳብ መዝገቡ ላይ ይገኛል።

የቺካጎው ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር በ1919 “ኩፐር ኦልድስታይል” የተባለውን የኩፐርን የመጽሐፍ ፊደል ለገበያ አቀረበ። ይህ ኩባንያ ከ1911 ጀምሮ በአሜሪካን ታይፕ ፋውንደርስ የተያዘ ቢሆንም በራሱ ስም ይነግድ ነበር። የመጽሐፉ ፊደል ጥሩ ተቀባይነት አገኘ። ይሁንና የዘመኑ እውነተኛ ገንዘብ የነበረው በመጽሐፍ ሳይሆን በማስታወቂያ ላይ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ መጽሔቶችና ጋዜጦች በማስታወቂያ ተጥለቀለቁ፤ ሩብ ገጽ የገዛ የጫማ ነጋዴ ከጎኑ ካለው የሳሙና ነጋዴ በላይ ለመጮኽ ይፈልግ ነበር። ኩባንያው ኩፐርን ያንኑ ፊደል እጅግ አወፍሮ እንዲሠራለት ጠየቀው። ኩፐር ብላክ በ1922 ገበያ ላይ ዋለ። ኩፐር ራሱ ስለ ሥራው ሲናገር ፊደሉ አርቀው ለሚያዩ አታሚዎችና ዓይናቸው ቅርብ ብቻ ለሚያይ ደንበኞቻቸው የተሠራ ነው ብሎ ቀልዷል። ቀልዱ ግን ከቀልድነት አልፎ ጥሩ የሽያጭ ጥናት ነው።

ወግ አጥባቂ አታሚዎች ፊደሉን እንደ ወረርሽኝ ቆጥረው አወገዙት። ገዢው ግን አልሰማቸውም። የቅንጥብ ዓይነት ሌሎች እትሞች ተከተሉ፤ ዘንባላው፣ በ1925 በፊደሉ አካል ላይ የብርሃን መስመር ያለበት “ኩፐር ሂላይት”፣ በ1926 ደግሞ ቦታ ለሚጠበው ማስታወቂያ ጠበብ ብሎ የተሠራው ወጣ።

ለምን ድቡልቡል?

ኩፐር ብላክ ላይ ስለታም ማዕዘን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በላቲን ፊደላት ጫፍ ላይ የሚታዩት ትናንሽ እግሮች እዚህ ተሞርደው እንደ ድንች ክብ ሆነዋል። የፊደላቱ መቆሚያም ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ በጥቂቱ ወደ ታች ያበጠ ነው። “ኦ” የሚለው የላቲን ፊደል ውስጡ ያለው ቀዳዳ ትንሽ ሲሆን ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። ከመስመር በታች የሚወርዱ ጭራዎች አጫጭር ስለሆኑ መስመሮችን አቀራርቦ መደርደር ይቻላል። ይህም በሴንቲሜትር ለሚከፈል የጋዜጣ ቦታ ትርጉም አለው።

ድቡልቡልነቱ የዓይን ማማለያ ብቻ አይደለም። በእርሳስ ፊደል ላይ መጀመሪያ የሚሰበረውና የሚያልቀው ቀጭን መስመርና ሹል ጫፍ ነው። ኩፐር ብላክ ሁለቱም ስለሌሉት በጥድፊያ የሚሠራ ማተሚያ ቤትን ይታገሣል። ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ሲጠጣ የፊደል ጠርዝ ይሰፋል፤ ጠርዙ ቀድሞውኑ ክብ የሆነ ፊደል ግን ሰፋ ቢል የሚያስተውለው የለም። መቆሚያው ቀጥ ያለ ባለመሆኑም አንዱ ፊደል ከጎረቤቱ በግማሽ ሚሊሜትር ዝቅ ቢል አያስታውቅም። ባጭሩ ለማይረባ ወረቀት፣ ለተጣደፈ እጅና ለቸኮለ አንባቢ የተመቸ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየበት ዋናው ምክንያት ይኸው ስሕተትን መታገሡ ነው፤ ስለ “ወዳጃዊ ገጽታው” የሚነገረው ብዙ ወሬ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህ ጠባይ ቴክኖሎጂው ሲለወጥም ጠቀመው። ባርንሃርት በ1933 ተዘጋ። ፊደል ከብረት ወደ ፎቶግራፍ ፊልም ሲሸጋገር ኩፐር ብላክም አብሮ ተሸጋገረ። በ1960ዎቹ ሌትራሴት የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በጣት ታሽቶ ወረቀት ላይ የሚለጠፍ ፊደል ሲያሰራጭ ማተሚያ ማሽን የሌለው ሰው ሁሉ የራሱን ማስታወቂያ ማዘጋጀት ቻለ። የቢች ቦይስ የሙዚቃ ቡድን በ1966 ያወጣው “ፔት ሳውንድስ” አልበም ሽፋን በዚህ ፊደል ተጽፏል፤ ቢቢሲ በ1968 የጀመረው “ዳድስ አርሚ” የተባለ ተከታታይ ኮሜዲ ርዕስም እንዲሁ። በ1970ዎቹ ደግሞ ቲሸርት ላይ በካውያ የሚለጠፉ ፊደላት ገበያ ሲደራ ኩፐር ብላክ ከተመራጮቹ አንዱ ሆነ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም፤ ልብስ ሲታጠብ መጀመሪያ የሚላጠው የፊደሉ ማዕዘን ነው፤ ማዕዘን የሌለው ፊደል ቶሎ አይላጥም። ፊደሉን ያፈሰሰው ኩባንያ ጌታ የነበረው አሜሪካን ታይፕ ፋውንደርስ በ1993 ሲከስር የኩፐር ፊደል በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ቦታ ቦታውን እየያዘ ነበር።

ቅጂው የማይከለከል ሸቀጥ

የኩፐር ብላክ ገበያ ሲደራ ተወዳዳሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሉድሎው የተባለው ኩባንያ በ1924 “ሉድሎው ብላክ”ን አወጣ። ሞኖታይፕ የኩፐርን የቀድሞ መምህር ጋውዲን ተመሳሳይ ፊደል እንዲነድፍለት አዝዞ በ1925 “ጋውዲ ሄቪፌስ”ን አገኘ። ላይኖታይፕ በ1928 “ፓብስት ኤክስትራ ቦልድ”ን ይዞ መጣ። ላይኖታይፕና ሞኖታይፕ የሚሸጡት የፊደል መደርደሪያ ማሽን ሲሆን፣ ማሽኑን የገዛ አታሚ ለማሽኑ የሚሆነውን ቅርጽ ማውጫ ከዚያው ኩባንያ ይገዛል። ስለዚህ ደንበኛቸው “ያንን ወፍራሙን ፊደል” ሲጠይቅ የለንም ማለት ደንበኛውን ለሌላ መስጠት ነበር።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ላይ ያለው አቋም ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። የፊደል ቅርጽ፣ ማለትም የ“ሀ” ወይም የላቲኑ “ኤ” አሳሳል፣ በቅጂ መብት አይጠበቅም። ኤልትራ የተባለው የላይኖታይፕ ባለቤት ኩባንያ ሄርማን ዛፕፍ የነደፈውን “ኦሪዮን” የተባለ ፊደል ለማስመዝገብ አመልክቶ በመዝገብ ሹሟ በባርባራ ሪንገር ተከለከለ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1978 ክልከላውን አጸና። የሕጉ መንፈስ ፊደል የሁሉም መገልገያ ስለሆነ ቅርጹን አንድ ሰው ሊያጥረው አይገባም የሚል ነው። በአንጻሩ በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው የፊደሉ ፋይል እንደ ማንኛውም ሶፍትዌር ሊጠበቅ ይችላል። በ1998 አዶቤ የተባለው ኩባንያ በካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያስፈረደው ይህንኑ ነው። አውሮፓውያን ለነዳፊው ሻል ያለ መብት ይሰጣሉ። በእንግሊዝ የ1988ቱ ሕግ መሠረት ፊደሉን ማባዛት የሚከለከለው ለ25 ዓመት ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት በተመዘገበ ንድፍነት የሚሰጠው ጥበቃም ከ25 ዓመት አይዘልም። ኩፐር የሞተው በ1940 ስለሆነ ቅርጹን በየትኛውም ስሌት ጠብቆ ማቆየት የሚቻልበት ጊዜ አልፏል።

ከዚህ የሚወጣው የገበያ ሐቅ እንዲህ ነው፦ አንድ ነጋዴ “ፊደል ገዛሁ” ሲል የገዛው ቅርጹን ሳይሆን ፋይሉን የመጠቀም ፈቃድ ነው። ፈቃዱም ብዙ ጊዜ በኮምፒዩተር ቁጥር ወይም በአገልግሎት ዓይነት የተገደበ ነው። ለወረቀት ሥራ የተፈቀደ ፋይል በድረ ገጽ ወይም በስልክ ፕሮግራም ውስጥ ለመጠቀም ሌላ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። የታፔላ ሠሪው ኮምፒዩተር ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም።

ኢዚጄት ያደረገው

ስቴሊዮስ አየር መንገዱን በ1995 ሲያቋቁም የ28 ዓመት ወጣት ነበር። አባቱ የቆጵሮስ ተወላጅ የመርከብ ባለሀብት ስለሆኑ የመነሻ ገንዘብ አልቸገረውም። በኪራይ በተገኙ ሁለት ቦይንግ 737 አውሮፕላኖች ከሉተን ወደ ግላስጎና ኤዲንብራ በረራ ተጀመረ። የመነሻ ዋጋው 29 ፓውንድ ነበር፤ የአንድ ጂንስ ሱሪ ዋጋ ነው ተብሎም ተዋወቀ። የትኬት ወኪሎችን ኮሚሽን ለማስቀረት ሽያጩ በስልክ ብቻ ስለነበረ የስልክ ቁጥሩ በአውሮፕላኑ ጎን ላይ በትልቁ ተጻፈ። አውሮፕላኑ ራሱ ታፔላ ሆነ ማለት ነው።

በወቅቱ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ባንዲራቸውንና ቆጠብ ያለ ቀጭን ፊደላቸውን ይዘው ክብራቸውን ለማሳየት ይደክሙ ነበር። የቲሸርትና የከረሜላ ጠረን ያለበት ወፍራም ፊደል በአውሮፕላን ላይ መጻፍ በእነርሱ ዓይን ነውር ሳይሆን አይቀርም። ለአዲሱ ኩባንያ ግን ሁለት ቃል ሳይናገር “እኛ ርካሽ ነን፣ አንኮራም” የሚል መልእክት አስተላልፎለታል። ሌላም ጥቅም ነበረው። ነጭ ፊደል በደማቅ ቀለም ላይ ሲጻፍ ቀለሙ ቀጭን መስመሮችን ይውጣቸዋል። ኩፐር ብላክ የሚዋጥ መስመር የለውም፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ውጪ ካለው መንገድ ላይ ሆኖ ይነበባል።

ዋናው ሥራ ግን ምርጫው አይደለም፤ ከምርጫው በኋላ የመጣው ድርቅና ነው። የኢዚግሩፕ የስም አጠቃቀም መመሪያ “ኢዚ” የሚለው ቃል ሁልጊዜ በትናንሾቹ የላቲን ፊደላት፣ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ክፍተት ሳይኖረው፣ ነጭ ሆኖ በብርቱካናማ መደብ ላይ፣ በኩፐር ብላክ እንዲጻፍ ያዛል። ብርቱካናማው የትኛው እንደሆነም በቀለም ቁጥር ተወስኗል፤ ፓንቶን 021 ነው። ፊደሉን ማዝመም፣ ማወፈር፣ ከሥሩ ማስመር ወይም ጠርዙን ብቻ መሣል አይፈቀድም። በዚሁ መመሪያ ሥር የመኪና ኪራይ፣ ሆቴልና ሌሎችም “ኢዚ” የተባሉ ንግዶች ተከፈቱ። ኩፐር ብላክን ማንም መጻፍ ይችላል፤ ቃሉ፣ ቀለሙና ፊደሉ አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ደንበኛ የሚያስበው አንድ ድርጅት ብቻ ነው። ሕግ የሚጠብቀውም ይህንን ነው።

አየር መንገዱ በ2000 አክሲዮኑን በለንደን ገበያ ሲሸጥ ስሙ ከአክሲዮኑ ጋር አልተሸጠም። በኢዚግሩፕ እጅ ቀርቶ በውል ተከራየ። ባለአክሲዮኖች የዚህን ውል ክብደት የተረዱት ዘግይተው ነው። ውሉ አየር መንገዱ ከዋናው የበረራ ሥራ ውጪ ሊያገኝ የሚችለውን ገቢ ይገድብ ስለነበረ፣ እንደ ሻንጣ ክፍያና ኢንሹራንስ ያሉ ተጨማሪ ገቢዎች እያደጉ ሲመጡ መሥራቹና ኩባንያው ፍርድ ቤት ቆሙ። በኦክቶበር 2010 በስምምነት ሲጨርሱ በመጀመሪያው ዓመት 3.9 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 4.95 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከጠቅላላ ገቢ 0.25 በመቶ እንዲከፈል ተወሰነ። ክፍያው ከትርፍ ሳይሆን ከገቢ ላይ እንደሚሰላ ልብ ይሏል። አየር መንገዱ ቢከስርም አውሮፕላን እስካበረረ ድረስ ስሙ ኪራይ ይቀበላል። አክሲዮን የሚገዛ ሰው የኩባንያውን ሕንፃና መኪና ከመቁጠሩ በፊት “ስሙ የማን ነው?” ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ኢዚግሩፕ በክሱም የታወቀ ነው። “ኢዚ ላይፍ” የተባለ የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን በ2023 ተከስሶ የክርክሩን ወጪ መቋቋም ስላልቻለ ስሙን ለውጧል። አንድ ሰው “ይህ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ነው” ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩም ሚዛን የሚደፋ ነው። የጠበቃ ሒሳብ ግን የሚቆጠረው ክርክሩ ከማለቁ በፊት ነው።

ፋሽኑ ሲመለስ

በ2010ዎቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሁሉ ቀጭንና እግር የሌለው ተመሳሳይ ፊደል ከለበሱ በኋላ ገበያው ተሰላችቶ ይመስላል፣ ወፍራሙ ድቡልቡል ፊደል እንደገና ተመልሷል። የአሜሪካው እርጎ አምራች ቾባኒ በ2017 ምልክቱን በዚህ መንፈስ ለወጠ። በርገር ኪንግ በጃንዋሪ 2021 ከዳቦው ቅርጽ የተቀዳ የሚመስል ድቡልቡል ፊደል አስነድፎ አሮጌውን ጣለ። ሁለቱም ኩፐር ብላክን አልወሰዱም፤ የራሳቸውን አሠሩ። ገንዘብ ላለው ድርጅት ይህ የተሻለ መንገድ ይመስለኛል። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ድቡልቡል ፊደል ሲጽፍ የፊደሉ የመለየት ኃይል ይወርዳል። ፋሽኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚገባ ነጋዴ ዋጋው ጣሪያ ሲነካ አክሲዮን ከሚገዛው የሚለየው በጥቂቱ ነው።

የአጠቃቀም ነገር ከተነሣ፣ ይህ ፊደል ለስም፣ ለዋጋና ለሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው። ሙሉ አንቀጽ ሲጻፍበት ገጹ በጥላሸት የተቀባ ይመስላል። በትንሽ መጠን ሲታተም ውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች በቀለም ይሞላሉ። በባንክ የዓመት ሪፖርት ወይም በሕክምና ማዕከል ደረሰኝ ላይ ካዩት ነዳፊው ደንበኛውን አልጠየቀም ማለት ነው።

“ቤት” “ቢት” እንዳይሆን

የላቲኑን ድቡልቡል ፊደል ያየ የአዲስ አበባ ነጋዴ ለአማርኛ ስሙም ተመሳሳዩን ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን የእኛ ፊደል ሲወፍር የሚደርስበት ችግር ከላቲኑ የባሰ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። የላቲኑ ነዳፊ ትልልቁንና ትንንሹን ደምሮ 52 ፊደል ሠርቶ ሲያርፍ የእኛው ነዳፊ ከአራት እጥፍ በላይ መሥራት አለበት። ጥሩ የአማርኛ የማስታወቂያ ፊደል እንደ ልብ የማይገኘው ባለሙያ ጠፍቶ ሳይሆን ይህን ድካም የሚከፍል ገዢ ጥቂት ስለሆነ ነው የሚል ግምት አለኝ።

ዋናው ፈተና ግን ቅጥያው ላይ ነው። ሣልሱ “ቢ” ከኃምሱ “ቤ” የሚለየው እግሩ ሥር ባለች ትንሽ ቀለበት ብቻ ነው። ፊደሉ ያለ ጥንቃቄ ሲወፍር የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈንና “ቤ” ከሩቅ “ቢ” ሆኖ ይነበባል። ይህ ደግሞ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ጸጉር ቤት እያለ በሚሄድ የከተማ ታፔላ ላይ ቀላል ጉዳት አይደለም። “መ”፣ “ወ”፣ “ዐ” እና “ፀ”ም የሚኖሩት በውስጣቸው ባለው ባዶ ቦታ ነው። ነዳፊው መስመሩን ሲያወፍር ቀዳዳውን ለማዳን ፊደሉን ራሱን ማስፋት ግድ ይሆንበታል፤ ይህም የታፔላውን ርዝመትና ዋጋ ይጨምራል።

በየጽሕፈት ቢሮው በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት ግን ሌላ ነው። በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው “ንያላ” የተባለው የአማርኛ ፊደል የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ተጠቃሚው የማወፈሪያውን ቁልፍ ሲጫን ኮምፒዩተሩ የራሱን ግምት ተጠቅሞ መስመሮቹን በጅምላ ያሳብጣቸዋል፤ ቀዳዳ ይኑር አይኑር አያውቅም። በወረቀት ላይ ለዓይን ያልጎላው ይህ እብጠት ሦስት ሜትር ባነር ላይ ሲወጣ ያስነውራል። በአንጻሩ “ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ” የተባለው ፊደል ከቀጭን እስከ እጅግ ወፍራም ድረስ እያንዳንዱ ውፍረት ታስቦበት የተሠራ፣ በነጻ ፈቃድ የሚሰራጭና ለንግድ ሥራም የሚፈቀድ ነው። ድቡልቡል አይደለም፤ ወፍራም ግን ነው፤ “ቤ”ውም “ቤ” ነው።

በአገራችን የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ቃል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ንድፍና ቀለም የምልክት አካል ሊሆኑ ይችላሉ። ምዝገባው የሚጸናው ለሰባት ዓመት ሲሆን በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚያመለክት ነጋዴ ስሙን በተራ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ታፔላው ላይ በሚውልበት ፊደልና ቀለም አሠርቶ ማቅረቡ ይበጀዋል። ከዚያ በፊት ግን ነዳፊው ያመጣውን ሥራ በኮምፒዩተር መስኮት ብቻ አይቶ መፈረም የለበትም። በታፔላው ትክክለኛ መጠን አንድ ቃል አሳትሞ፣ ከመንገዱ ማዶ አስይዞ፣ ስሙን ለማያውቅ ሰው አስነብቦ ይመልከተው፤ በተለይ “ቤ” ያለበትን ቃል።